ስምንት የእርሳስ ወታደሮችና የማጂ ነፍጠኛ

እ.ኤ.አ. በ1936 ብሪተንስ የተባለው የለንደን የአሻንጉሊት ፋብሪካ ሁለት አዳዲስ ሳጥኖች ለገበያ አቀረበ። በካታሎጉ 1424 የሚል ቁጥር የተሰጠው የሐበሻው ንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛ ነበር፤ ቀጣዩ 1425 ደግሞ የሐበሻ ጎሣ ተዋጊዎች ተባለ። በውስጣቸው የተደረደሩት ጠመንጃ የያዙ እግረኞች ናቸው። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ሳጥን ስምንት ስምንት እያደረገ ይሸጥ ነበር። የአንዱ ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለት ጣት ይያዛል። ሲያዩት ድፍን የእርሳስ ብረት ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ዊልያም ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1893 ያወጣው ዘዴ የቀለጠውን ብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፍስሶ፣ ዳር ዳሩ እንደረጋ የመሐሉን መልሶ መገልበጥ ነበር። ቅርፊቱ ብቻ ሲቀር ወታደሩ ይቀላል፣ ብረቱ ይቆጠባል፣ ዋጋውም የሠራተኛ ልጅ ሊገዛው የሚችል ይሆናል። ቀለሙን በብሩሽ አንድ በአንድ የሚቀቡት ሴቶች ነበሩ። ዛሬ እነዚህ ሳጥኖች ከልጆች እጅ ወጥተው በሰብሳቢዎች ቁም ሣጥን ገብተዋል፤ ክዳኑ ያልተቀደደና ቀለሙ ያልተላጠ ከተገኘ በሐራጅ ይሻማሉ።

ፋብሪካው ሐበሻን ለምን በዚያ ዓመት እንዳስታወሰ ማንም ይገምታል። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ሲወር የአውሮፓ ጋዜጣ ሁሉ የሚጽፈው ስለ ኢትዮጵያ ነበር። ነጋዴ ወሬ አያመልጠውም፤ ያው ብሪተንስ በዚያው ሰሞን የጣሊያን እግረኛንም በሌላ ሳጥን አወጣ፣ ልጁ ሁለቱን ገዝቶ ምንጣፍ ላይ እንዲያዋጋ። በጀርመንም ኤላስቶሊን በሚባል ስም ከመጋዝ ብናኝና ከሙጫ ድብልቅ ወታደር ይሠራ የነበረው የሀውሰር ፋብሪካ የሐበሻ ተዋጊዎች ነበሩት። በዚያው 1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ። የእርሳሱ ክብር ዘበኛ ሱቅ መስኮት ላይ ቆሞ ሳለ ሥጋና ደም የነበረው ክብር ዘበኛ ማይጨው ላይ ተሰብሮ ነበር።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚመዝኑበት የራሳቸው ሚዛን አላቸው። የቆቡ ቅርጽ፣ የልብሱ ቀለም፣ የጠመንጃው ዓይነት፣ እግሩ ጫማ አለው ወይስ የለውም እያሉ ከፎቶግራፍ ጋር ያስተያያሉ። ይህ ሚዛን የሚናቅ አይደለም፤ የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ሲታዩ በእርግጥም ቦላሌው ላይ መጠቅለያ አስሮ፣ እግሩ ግን ባዶውን የሆነ ብዙ ክብር ዘበኛ ይገኛል። ነገር ግን ስለ ኢትዮጵያ እግረኛ፣ ይልቁንም ስለ ደቡብ ምዕራቡ እግረኛ፣ ልብስና ጠመንጃ የሚነግሩን ትንሹን ክፍል ነው። ትልቁን ክፍል የሚገልጠው ማን አበላው፣ ማን ተሸከመለት የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ሚዛን ከተለካ የለንደኑ አሻንጉሊት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ስለ ዘመኑ ጦር የሚናገረው ሐሰት ነው፤ ብቻውን በመቆሙ ይዋሻል። ይህን ለማሳየት ከማጂ የተሻለ ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ማጂ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው፣ የኖረችውም ባዶ የቀረችውም በዚያ እግረኛ ምክንያት ነው።

አሻንጉሊት ስለሆነ ነው እንጂ ከዚህ ምን ይጠበቃል የሚል ይኖራል። ልጅ የሚፈልገው ተኳሽ ነው፤ ዱቄት የሚፈጭ አሻንጉሊት ማን ይገዛል? መልሱ በፋብሪካው በራሱ ካታሎግ ውስጥ አለ። ብሪተንስ ለእንግሊዝ ጦር የስንቅና ትጥቅ ክፍሉን ሠረገላ ከነፈረሶቹ ሠርቷል፤ የቁስለኛ ማመላለሻ ሠረገላም ሠርቷል። እንግሊዛዊው ልጅ ጦሩ እንደሚበላና እንደሚቆስል በጨዋታ ይማር ነበር ማለት ነው። ወደ ሐበሻ ሲመጣ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻ ይቀራል፣ እሱም ዩኒፎርም ከለበሰ ዘበኛ፣ ካልለበሰ የጎሣ ተዋጊ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ። ይህ አከፋፈል ከፋብሪካው የመነጨ አይመስለኝም፤ የጊዜው ጋዜጣም የሚያየው በዚያው ዓይን ነበር። በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነውን ክብር ዘበኛ «ጦር» ይለዋል፤ የቀረውን፣ ማለትም ከየግዛቱ በየራሱና በየደጃዝማቹ ሥር የዘመተውን አብዛኛውን ሠራዊት፣ ጦር ለማለት ይከብደዋል። ሕግም ማዕረግም ደመወዝም እንደሌለው ሽፍታ ይቆጥረዋል። ደመወዝ ግን ነበረው። በብር አይከፈልም እንጂ ነበረው።

ይህን ደመወዝ በዓይኑ አይቶ የጻፈ አንድ የውጭ ሰው አለ። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሩስያ ፈረሰኛ መኮንን ነበር፤ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ከሩስያ ቀይ መስቀል ጋር መጣና አገሩን ለመደ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ከያዙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጦራቸውን እየመሩ በቤንችና በሸኮ አገሮች በኩል ወደ ኦሞና ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው፣ ሲወርዱ ቡላቶቪች አብሯቸው ዘመተ። እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ጦሩ አጓጓዝ ብዙ ይዘረዝራል። ተኳሹ በፊት ይሄዳል፤ ከኋላው ጋሻ ጃግሬው፣ ዕቃ የጫነው በቅሎ ወይም አህያ፣ ማሰሮና ምጣድ ያዘለችው ሴት፣ ድንኳን የተሸከመው አሽከር ይከተላሉ። ማታ ሠፈር ሲያርፍ ሴቲቱ ወፍጮ ፍለጋ ትሄዳለች፤ አሽከሩ እንጨት ይለቅማል፤ ወታደሩ ይቀመጣል። ከቤት የተያዘው በሶና ቆሎ ሲያልቅ ደግሞ የሚበላው የደረሰበት አገር ጎተራ ነው። ደጋው ላይ እህል ስላለ ጦሩ ይጠግባል፤ ቆላ ሲወርድ ይራባል። ጦሩን የሚያራምደውም የሚያቆመውም የገበሬው ጎተራ እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ዘመቻው አልፎ ጦሩ ሲሠፍር ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። ማጂ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ፣ በዲዚዎች ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከደጋው ጫፍ ላይ ሲቆሙ አገሩ ተንዶ ወደ ሱርማና ወደ ኦሞ ቆላ ይወርዳል። ለዘበኛ የሚመች ቦታ ነው፤ እህል ከላይ፣ ዝሆን ከታች፣ ድንበሩ ፊት ለፊት። ሠፋሪው ጦር እዚያ ሲተከል ከአዲስ አበባ ብር ተጭኖ አይመጣለትም። በዚያ ፈንታ ሰው ይቆጠርለታል። ተራው ወታደር ጥቂት ገባር፣ ሹሙ እንደ ማዕረጉ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ ይሰጠዋል። ገባሩ በተመደበለት ነፍጠኛ ቤት እህል ያስገባል፣ ማር ይቆርጣል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ አጥር ያጥራል፣ ጎጆ ይሠራል፤ ሚስቱና ልጁ ይፈጫሉ፤ ነፍጠኛው ሲዘምት ስንቁን ተሸክሞ ይከተላል። የዲዚ ባላባቶች ይህን ግብር የሚያስገቡና የሚያስፈጽሙ ሆነው ቀሩ። መንግሥት ለአንድ ወታደር ወጪው አንድ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት ነበር፤ የቀረውን ሁሉ የሚከፍለው የማጂ ገበሬ ነው።

ጠመንጃውንም ቀርቦ ማየት ይገባል። በየሠፈሩ የታወቀው ዉጅግራ ነበር፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ጥቁር ባሩዱ ብዙ ጭስ የሚያወጣ መሣሪያ። ፈረንሳይ ለበን የተባለውን የተሻለ ጠመንጃ ካወጣች በኋላ አሮጌው ክምችት በጅቡቲ በኩል እንደ ጎርፍ ገባ። ቀለሁ ወፍራም ናስ ነው፤ ዝናር ላይ ተደርድሮ ሲታይ ራሱ ጌጥ ነው። ያ ጥይት ከመተኮስ ይልቅ በመለወጥ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር፣ ዶሮም ማርም ይገዛበታል። ለንደን የተሠራው ወታደር እጅ ላይ ያለው ጠመንጃ የምን ዓይነት እንደሆነ ሰብሳቢዎች ሊከራከሩ ይችላሉ። ማጂ ላይ ግን ጠመንጃ መሣሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ገባር የሚያስገኝ ማስረጃ ነው፤ የዝሆን ጥርስ የሚያስገኝ ካፒታል ነው፤ ጥይቱ ብር ነው። ቆላ ወርዶ ዝሆን የሚያድነው ወታደር ለገዥው ድርሻውን ከፍሎ የቀረውን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው በምትኩ ጠመንጃና ጥይት ያመጣል፤ በዚያ ጠመንጃ ደግሞ ሌላ ዝሆን፣ ወይም ሰው ይታደናል።

ሰው የሚለው ለማጋነን የገባ አይደለም። በማጂና በዚያን ጊዜ ጊሚራ ይባል በነበረው የቤንችና የሸኮ አገር ባርነት የሥርዓቱ ሕመም እንጂ ከውጭ የመጣ ክፉ ልማድ አልነበረም። ገባር ሲሞት ወይም ወደ ጫካ ሲሸሽ የነፍጠኛው ቀለብ ይጎድላል፤ የጎደለበት ነፍጠኛ በቀሩት ላይ ሸክሙን ያከብዳል፤ የከበደባቸውም ይሸሻሉ። ክፍተቱን ለመሙላት ወታደሩ ወደ ቆላ፣ አንዳንዴም ከድንበር ማዶ ወደ እንግሊዝ ግዛት፣ ለከብትና ለባሪያ ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ሹም ሽር ነበር። አዲስ ገዥ የራሱን ጭፍራ ይዞ ሲመጣ ተሻሪው ከነጭፍራው ይነሣል፤ ይነሣል ሲባል ግን ባዶ እጁን አይደለም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዕቃው ብዙ ነው፣ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ገባሩን ያሸክመዋል፤ ጅማ ሲደርስ ተሸካሚው ራሱ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። ልጅ ኢያሱ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በጊሚራ ላይ ያደረጉት ዘመቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዳፈለሰ በዘመኑ ሰዎች ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚያው ዓመት የባሪያ ነፃነት አዋጅ መውጣቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አዋጁ ወጣ፤ የወታደሩ ደመወዝ ግን አሁንም ገባር ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ እንዴት ይቻላል? አልተቻለም፤ አዋጁ እስኪፈጸም 1934 ዓ.ም. ደረሰ፣ ያውም ጣሊያን መጥቶ ከሄደ በኋላ።

የለንደኑን ሳጥን ወስደን ለማጂ እንዲስማማ እንሙላው ብንል ሒሳቡ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ስምንት ቦታ አለ። አንዱን ነፍጠኛው ይይዛል። አንዱ የጋሻ ጃግሬው ነው። አንዱ የሚስቱ ወይም የገረዱ፣ ከነወፍጮዋ። አንድ በቅሎ። የቀሩት አራቱ ገባሮች ናቸው፤ አንዱ ስልቻ የተሸከመ፣ አንዱ ቀፎ ያወረደ፣ አንዱ አጥር የሚያጥር፣ አራተኛው ደግሞ ስፍራው ባዶ፣ ሸሽቶ የሄደ። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ከነፍጠኛ ነፍጠኛ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። መጠኑ ግን ከእውነቱ አይርቅም። ስምንቱን ቦታ ሁሉ በተኳሽ መሙላት ከሠላሳ በላይ የማይታዩ ሰዎችን ከሳጥኑ ሥር መቅበር ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። ስለ ማጂ የምናውቀው ክፉ ክፉው ከየት መጣ? ከእንግሊዝ ቆንስላዎች አይደለምን? እውነት ነው፣ እንግሊዞች በ1910ዎቹ ዓ.ም. ማጂ ላይ ቆንስላ አስቀምጠው ነበር፤ ከእነሱም አርኖልድ ሆድሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ስለዚያ ቆይታው መጽሐፍ አሳትሟል። ቆንስላው እዚያ የተቀመጠው ለዲዚ ገበሬ አዝኖ አይደለም፤ ከማጂ የሚነሡ አዳኞችና ዘራፊዎች ኬንያና ሱዳን ግዛት እየገቡ ስላስቸገሩ ነው። የሪፖርቱም ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ኢትዮጵያ ራሷን የማስተዳደር ብቃት የላትም ለሚለው ክርክር ማገዶ ይሆናል፣ ጣሊያንም በኋላ በሚገባ ተጠቅሞበታል። ከዚህም በላይ የእንግሊዝ እግረኛ ራሱ በአፍሪካ ብቻውን ቆሞ አያውቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ ሲሸከሙ በበሽታና በረሃብ የረገፉት አፍሪካውያን ከ40,000 አያንሱም፤ የናይሮቢው ካሪዮኮርና የዳሬሰላሙ ካሪያኮ ሠፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚያ ተሸካሚዎች ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን የመስካሪው ነውር ምስክርነቱን ሐሰት አያደርገውም፣ በተለይ ሌላ ምስክር ሲኖር።

ሌላው ምስክር ደግሞ የራሳችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ፣ ክፉ ቀን በተባለው ረሃብ መጨረሻ፣ ወታደር በባላገር ቤት እየገባ መመራቱ እንዲቀርና በምትኩ ለቀለብ አሥራት እንዲገባ ሲደነግጉ፣ ችግሩን ከእንግሊዝ አልሰሙትም። በሰሜኑና በሸዋው ባላገር ላይ የሆነውን በዓይናቸው አይተው ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸውም ሆነ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ ደጋግመው የሚመቱት ይህንኑ ነው፤ ደመወዝ የሌለው ወታደር ሠርቶ የሚበላውን እየበላ አገር ያደኸያል። ገብረ ሕይወት የዓድዋ ልጅ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ነፃነት የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ስለ ወታደሩ የጻፉት መንግሥቱን ለማፍረስ ሳይሆን ለማቆም ነው። አሥራቱ ለሰሜኑ ገበሬ የተወሰነ እፎይታ ሲሰጥ፣ አዲስ በተያዘው ደቡብ ግን ገባር ማከፋፈሉ ቀጠለ። ልዩነቱ ከወታደሩ ጠባይ የመጣ አይደለም፤ በዳርቻው አገር ገበሬው ለግቢ ቅርብ ስላልሆነ አቤት የሚልበት በር አልነበረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ነው። ማይጨው ላይ መርዝ እየዘነበበት የተዋጋውን እግረኛ ከገባር ጋር አያይዞ ማንሣት ክብሩን መንካት አይሆንም ወይ? የከፋው ገዥ ራስ ጌታቸው አባተ ጦራቸውን ይዘው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ተሰልፈዋል። ከዚያ ጦር መካከል ከጫካው ቡና አገር ተነሥቶ አገሩን አቋርጦ ትግራይ ድረስ የሄደ ሰው ነበረ፤ የሞተውም የሞተው ለአገሩ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ግን እስከዚያ ያደረሰውን ስንቅ ማን ፈጨ ማን ተሸከመ ብሎ መጠየቅ ክብሩን አይቀንስም፤ ክብሩን ከሚጋሩት ጋር ያካፍለዋል። ይልቁንም ጥያቄውን ማንሣት የሚያስፈልገው ሽንፈቱ ካለቀ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ነው። ማይጨው የተሸነፈው በአውሮፕላንና በመርዝ ነው ብንል፣ ከዚያ በኋላ በምዕራብ የተደረገው ሙከራ ለምን እንደከሸፈ በአውሮፕላን ብቻ አይገለጽም።

ያ ሙከራ የጥቁር አንበሶች ነው። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣት መኮንኖች በስዊድን አሠልጣኞች የተማሩ፣ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ለአሻንጉሊት ሠሪ ሞዴል ሊሆኑ የሚችሉ ወታደሮች ነበሩ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አጥቅተው አቃጠሉ። ከዚያ ከራስ እምሩ ጋር ሆነው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለመቆየት ሞከሩ። ጠላት ከየአቅጣጫው ይገፋል፤ ከዚያ ይልቅ የከበደው ግን የሚያልፉበት አገር ሕዝብ ነበር። በብዙ ቦታ ገበሬው በር ዘጋባቸው፣ አንዳንዱ ተኮሰባቸው። ሠላሳና አርባ ዓመት ለወታደር ሲያበላ የኖረ አገር፣ የሚያስገድደው መንግሥት እንደወደቀ፣ ከሆለታው መኮንንና ከአሮጌው ነፍጠኛ መካከል ልዩነት አላየም። ጣሊያኖች የገባር ሥርዓት ቀርቷል ብለው ያወጁት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ራስ እምሩ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጎጀብ የከፋ ደጃፍ ነው፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከድል ጋር ከተሻገሩት አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በጀግንነታቸው ከማንም የማያንሱት እነዚያ ልጆች የተያዙት የሚያበላቸው ስላጡ ነው፤ አያቶቻቸው ተበድረው የበሉትን ዕዳ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ነፍጠኛው ራሱስ ምን ነበር? ዛሬ ስሙ በፖለቲካ መድረክ ለስድብና ለፉከራ ስለሚወረወር ሰውየውን ማየት አስቸጋሪ ሆኗል። ማጂ የሠፈረው ወታደር ከአንድ ብሔር የተቀዳ አልነበረም፤ ከሸዋም ከወሎም፣ አማራም ኦሮሞም ጉራጌም፣ በጌታው ጥላ ሥር ተሰብስቦ የመጣ ነው። ብዙው በአገሩ መሬት ያልነበረው፣ ጠመንጃ ይዞ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ድሃ ነበር። ወባና ቁር አለበት፣ ትሻና የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች ያደፍጡበታል፣ ገዥው የዝሆን ጥርሱን ይቀማዋል። ሲሾም በልቶ፣ ሲሻር ተሰብስቦ ይሄዳል። ክፋቱን ከግል ጠባዩ ማውጣት ለአንባቢ ይቀላል፣ ግን ማስረጃው ወደዚያ አይወስድም። ደግ ሰውም ቢሆን ያው ሥርዓት ውስጥ ከገባ በኋላ በገባር ካልኖረ በምን ይኖራል? እንግዲህ የእርሳሱ ወታደር ባዶ ሆዱን መቆሙ በአንድ በኩል እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ሆዱን የሚሞላው ከእሱ ውጭ ስለሆነ።

ኢትዮጵያዊ እግረኛ ከገበሬ ጎተራ ተነጥሎ የቆመበትን ጊዜ የሚፈልግ ሰው ወደ ኮሪያ መሄድ አለበት። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ላይ ሲወርድ፣ ከአሜሪካው ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተቀላቅሎ ከዚያው መሣሪያ፣ ከዚያው ጫማ፣ ከዚያው ቆርቆሮ ምግብ ይቀበል ነበር። ያንን ወታደር በአሻንጉሊት ቢሠሩት፣ ብቻውን በማቆማቸው ማንም አይከሳቸውም፤ የሚያበላው በመርከብ መጥቷል። ማጂ ግን በዚያ ዓመት ገና አልተላቀቀችም። ከነፃነት በኋላ በወጡት የግብር ሕጎች የገባር አገልግሎት ቀርቶ ገበሬው ለመንግሥት በብር እንዲከፍል ተደርጓል። ቢሆንም ለወታደርና ለሹም የተሰጠው መሬት ወደ ርስትነት እየተዛወረ፣ የቀድሞው ነፍጠኛ ባለመሬት፣ የቀድሞው ገባር ጭሰኛ ሆነው እንደገና ተገናኙ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እህሉ ግን ወደዚያው ቤት መግባቱን ቀጠለ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬት አዋጅን እስኪያነብ ድረስ።